ደም የሚቆምበት መስኮት

የመካነ ሰላም ክሊኒክ በዚያ ጊዜ ከገበያው በላይ ነበረች። ሁለት ክፍል ብቻ ናት። የኋለኛው ክፍል መስኮት ፀሐይ መውጫን ይገጥማል። የጤና ረዳቱ፣ እኛ ሐኪሙ የምንለው ሰው፣ እዚያ መስኮት ላይ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ማቆሚያ አስቀምጦ ነበር። ማቆሚያዋ ላይ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ይቆማሉ። ቱቦዎቹ ውስጥ የሰው ደም አለ።

ደሙ ከክንድ ተቀድቶ ሲገባ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። እየቆየ ቀዩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከላዩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ውሃ የመሰለ ነገር ይቀራል። የጤነኛ ሰው ደም ቀስ ይላል። ውስጡ ምች ወይም መግል የያዘ ሰው ደም ይቸኩላል። ሐኪሙ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ከማቆሚያዋ አጠገብ ያስቀምጥና አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል። እስከዚያ ከዚያው ደም አንዲት ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ነጩን ደም ነበር የሚፈልገው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ቤታችን ከክሊኒኩ ጎን ስለነበር ውሃ እናቀብለው ነበር። የደሴ ልጅ ነው፤ እስላም ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ስለ አሮጌ ሰው ሲናገር ግን አይቀልድም።

«ሽማግሌ ላይ ነገሩ ያስቸግራል» ይለኝ ነበር። «ደሙ ሳይታመምም ይቸኩላል። ሊሞት ተቃርቦ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ነጩን አያለሁ። ነጩ ከበዛ ሰውነቱ እየታገለ ነው። እንዲያ ታሞ ነጩ ካነሰ ግን እጁን ሰጥቷል ማለት ነው።»

ንጉሡ የወረዱበት ዓመት ነበር። ከቆላ የሚመጣው ሰው አልተቋረጠም። ከወግዲ በታች፣ ከዓባይ ወዲህ ካለው በረሃ እየወጡ ከገበያው ዳር በተሠራው መጠለያ ይወድቁ ነበር። መጠለያው ውስጥ ቅማል ገባ። ከቅማሉ ጋር ግርሻ መጣ፤ ትኩሳቱ ለቀቀ ሲሉት የሚመለስ በሽታ ነው። ወጣቱን አንድ መርፌ ያድነዋል። አሮጌው ላይ ግን ብርዱና ረሀቡ ተጋግዘው ሳንባው ላይ ይቀመጡበታል።

መሥሪያ ቤቶቹ ግማሾቹ ተዘግተዋል። ሹሞቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ከሱቆቹ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ የሰልፍ ዜማ ይሰማል። መድኃኒት የሚመጣው ከደሴ መኪና በመጣ ጊዜ ነው፤ መኪናውም የሚመጣው መንገዱና ጊዜው ሲፈቅዱለት ነው።

የበሽተኞቹ ቤተ ሰቦች ከውጭ ቆመው መስኮቱን ያያሉ። ጠዋት ፀሐዩ በቱቦዎቹ ውስጥ ሲያልፍ ቀዩ ከሩቅ ይለያል።

«የወንድሜ የቷ ናት?»

«የዳሯ ናት መሰለኝ።»

የአንዷ ደም ቶሎ ከሰመጠ ከመስኮቱ ዘወር ይላሉ። እየዋለ እያደረ ሰዉ ቱቦዋን ራሷን መፍራት ጀመረ። ደሙን ወደ ታች የምትስበው እሷ ናት አለ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሐኪሙ ዞር ሲል ገብተው የሚስታቸውን ቱቦ ገለበጧት። ደሙ መስኮቱ ላይ ፈሰሰ።

«ምን አደረጉ አባባ?» አላቸው ሐኪሙ።

«ወደ ላይ እንዲመለስላት ብዬ ነው።»

አልተቆጣም። መስኮቱን ጠረገና እንደገና ቀዳ። ሴትዮዋ ዳነች። ከዚያ ወዲያ ቱቦ ለመገልበጥ የሚመጣው ሰው ስለበዛ ክፍሉን በቁልፍ መዝጋት ግድ ሆነበት። ይህን እያነሣን ስንስቅ እናቴም አብራን ትስቅ ነበር።

እናቴ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ባሌ ገበያ ውስጥ ልብስ ይሰፋል፤ እኔ ትንሹን ልጄን አጠባ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤታችን እህል አላጣም። እናቴ ነፍሮ ቀቅላ በሰፌድ ይዛ መጠለያው ትሄዳለች። «ደክመሻል፣ ተይው» ብላት «እግሬ ነው የደከመው» ትለኝ ነበር። የምትናገረው ጥቂት ነው። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ።

በጥር ወር፣ ነፋሱ በበረታበት ሰሞን ጎኗን ወጋት። ሳለች። አክታዋ የዛገ ብረት መሰለ። እጇን ስይዘው አያቃጥልም፤ ይልቅ ይቀዘቅዛል። እኔ ትኩሳት ስለሌላት ተጽናናሁ። ሐኪሙ የነገረኝ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

«አቁርቡኝ» አለች።

የነፍስ አባታችን እሺ አሉ። እሑድ ጠዋት ባሌና ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷት። ቆረበች። ጠበሏን ጠጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ እንደዚያ ቀን ሰላም ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ገና ከቅጥሩ ሳንወጣ አንዲት ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች።

«መኪናው ከደሴ ገብቷል! ሐኪሙ ደም እያየ መድኃኒት ይሰጣል። ሳያልቅ ይዘሻት ነይ!»

ቃሬዛውን ወደ ቤት አላዞርነውም። በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድን።

የፊተኛው ክፍል ሞልቶ ነበር። እናቴን ከበሩ አጠገብ በተነጠፈ ሰሌን ላይ አስተኛናት። ከጎኗ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። ከቆላ የመጡ ናቸው፤ የለበሱት ቡልኮ ከሰውነታቸው ይከብዳል። የእሳቸው ደም አስቀድሞ መስኮቱ ላይ ቆሟል።

ሐኪሙ የእናቴን ጥፍሮች አየ። ስትተነፍስ የሚንቀሳቀሰውን ነጠላዋን አየ። ጀርባዋን አዳመጠ። ከዚያ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ሳንባቸው ነው» አለኝ። «የተላከው መድኃኒት ከጠበቅነው አነሰ። ግርሻ ለያዛቸው ብዙውን ሰጥቻለሁ፤ ለእነሱ አንድ መርፌ ይበቃል። ሳንባው ለታመመ አሮጌ ሰው ግን ጠዋትና ማታ፣ ቀን በቀን ነው። አሁን የቀረው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ለሁለት ብከፍለው ሁለቱም አይድኑም።»

«ለእናቴ ስጣት» አልኩት። «አፈር ስሆን።»

«ደማቸውን ልይ። የእኒህንም አያለሁ። ደሙ ተስፋ ላለው እሰጣለሁ። ሌላ መላ የለኝም።»

ጥጥና መርፌ ይዞለት የቆመ አንድ ዘማች ተማሪ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ካኪ የለበሰ። ወደ እናቴ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ደምዎን ዕድሜ ልክዎን የጠጣው ባላባት ነው። እኛ የምንወስደው ማንኪያ አይሞላም።»

ከጎኗ የተኙት አሮጊት ናቸው የመለሱለት።

«ባላባቱስ ሲጠጣ አላሳወቀንም፣ ልጄ። አንተ መርፌህን እያሳየኸን መጣህ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ተማሪውም ሳቀ። የእናቴ ዓይን ከነጠላው በላይ ሲስቅ አየሁት። ክንዷን ሊይዟት ሲሉ ግን ጋቢዋ ውስጥ ከተተችው።

«ፈርተው ነው?» አለኝ ሐኪሙ።

«ቆርባ ነው» አልኩት። «አሁን ከቤተ ክርስቲያን መምጣታችን ነው። የቆረበ ሰው ያን ዕለት ደም አይፈሰውም። አይተፋምም።»

ሐኪሙ ያኔ ነው ልብ ያለው። እናቴ ሳሉ ሲመጣባት አፏን በነጠላዋ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ትውጠው ነበር። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ ግን አንዲትም አልተፋችም።

«መርፌውስ?» አለኝ። «መድኃኒቱን እንኳ ብወጋቸው?»

«መርፌውም ያደማል።»

እናቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። «እምዬ፣ እሺ በይው። ለአንቺ ጤና ነው።»

ነጠላውን ሳታነሣ «ዛሬ ማደሪያው ነኝ፤ አትውጉኝ» አለችኝ።

ሐኪሙ ተረከዙ ላይ ተቀምጦ አሰበ። ክርስቲያን ጎረቤት መሀል ያደገ ሰው ነው፤ አልቀለደም፣ አልተከራከረም። ወደ ኋለኛው ክፍል ሄዶ መስኮቱን አይቶ ተመለሰ።

«ነገ ይቻላል?» አለኝ።

«ነገ ይቻላል።»

«ነገ እናትሽ ላይ ሊመሽ ይችላል። እኒህም እስከ ነገ አይጠብቁም። ቄሱን ጠይቂያቸው። የእኒህ ደም ሰዓቱ እስኪሞላ እጠብቅሻለሁ። አብሽሪ፣ ሩጪ።»

ልጄን ለባሌ አቀብዬ ሮጥሁ።

የነፍስ አባታችን ልብሰ ተክህኗቸውን አጣጥፈው እያስቀመጡ ነበር። ገና እህል አልቀመሱም። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ለሕሙም ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «እሱም ሐኪም ነው፤ ያውቃል። ብቻ ጠብታ መሬት እንዳይነካ። በነጭ ጨርቅ ተቀበይ። ሐኪሙ አይቶ ሲጨርስ የተረፈውን ከነጨርቁ አምጪልኝ፤ እኔ አቃጥለዋለሁ። በደል ካለው በእኔ ይሁን በያት።»

ከራሳቸው ነጠላ ጫፍ ቀደው ሰጡኝ። መስቀል ተሳልሜ ተመለስሁ። ያን ቀን እግሬ መሬት የነካው አይመስለኝም። ጨርቁን በጡቶቼ መሀል ይዤው ነበር።

ክሊኒኩ ስደርስ የቆላዋ አሮጊት በጎናቸው ተኝተዋል። ሐኪሙ ከጭናቸው መርፌውን እያወጣ ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ተፈቅዷል!» አልኩ። «አባ ፈቅደዋል!»

ሐኪሙ ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እናትሽ እጄን ይዘው ወደ እሳቸው ወሰዱት» አለኝ። «ለእሷ ስጥ ማለታቸው ነው።»

«እጠብቅሻለሁ አላልኸኝም?»

«ወላሂ ጠብቄሽ ነበር። የእሳቸው ደም ደረሰ። ነጩ ብዙ ነው፣ እየታገሉ ነው። እናትሽ ደግሞ እጄን አለቅም አሉ።»

ወደ እናቴ ዞርሁ። «እምዬ፣ ሰማሽ? አባ ለሕሙም ይሁን ብለዋል።»

ዓይኗን ገለጠች።

«አባ ደግ ናቸው» አለች።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቃሬዛውን አንሥተን ወደ ቤት ወሰድናት። ጨርቁን ለነፍስ አባታችን መለስሁላቸው። ምንም አልነካውም።

በማግሥቱ ሐኪሙ ሳንጠራው ቤታችን መጣ። እናቴ ክንዷን ራሷ ዘረጋችለት። ቀዳ። «አብሬህ ልምጣ» አልኩት፤ እምቢ አላለኝም።

ከኋለኛው ክፍል መስኮት ፊት ቆምሁ። በዚያ ጠዋት ማቆሚያዋ ላይ ሌላ ቱቦ አልነበረም። የሌሎችን ከውጭ ሆኜ አይቼ አውቃለሁ። የእናቴን ከውስጥ ሆኜ አየሁ። ሌላው ሰው ዘንድ ቀዩ ሲሰምጥ ዓይን አይከተለውም፤ ዞር ብለህ ስትመለስ ነው ወርዶ የምታገኘው። የእሷ እያየሁት ሄደ። ከላይ ያለው ቢጫ ውሃ ሰፋ። ፀሐዩ አልፎበት ነጭ ግድግዳው ላይ ትንሽ ብርሃን ጣለ። እናቴ ቤት ውስጥ በሕይወት ተኝታ፣ እኔ እዚህ ቆሜ ስትሄድ አየኋት። ቱቦዋን ልገለብጣት እጄን አንሥቼ ነበር። በሽማግሌው ዳግመኛ አልሳቅሁም።

ሐኪሙ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ሲነሣ ዓይኑን አሸ።

«ነጩ የለም ማለት ይቻላል» አለኝ። «ትናንት ብወጋቸውም አያተርፋቸውም ነበር። ይህን እወቂና እረፊ።»

«እውነትህን ነው?»

«ደማቸው ነው የሚለው።»

«ደሟ ትናንት አልታየም» አልኩት።

የእጅ ሰዓቱን አንሥቶ አሰረ።

እናቴ በዚያው ሳምንት አረፈች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቤቱ ብርሃን ነበር። ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቀረ። ቅዱስ ቁርባን ይዛ ሄደች፣ ልጇና የልጅ ልጆቿ ከበዋት ሄደች። መጠለያው ውስጥ ስንቱ ያለ ሰው ሲሞት እኔ እናቴን በእጄ ገነዝሁ። ስለዚህ ተመስገን አልኩ፤ አሁንም እላለሁ።

ሐኪሙ ያለኝ ነገር ግን አልተወኝም። አምና ደሴ ታምሜ ተኝቼ ነበር። በሽታው ከኩላሊቴ ተነሥቶ ወደ ደሜ ገባ አሉ። የእኔን ደም ያየው ማሽን ነው። ወጣቱ ዶክተር ለሴት ልጄ ሲያስረዳት ሰማሁ። አሮጌ ሰው ላይ አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙውን አይተን፣ ደግመን አይተን ነው የምንገምተው ይላት ነበር። ሲጨርስ ጠራሁት።

«ልጄ፣ ዛሬ የታየ ደም ትናንት ምን እንደነበር ይናገራል?»

«አይናገርም እማማ። በእርስዎ ዕድሜ አንድ ቀን ብዙ ነው። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው» አልኩት።

አድኖኛል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ወደዚያ ዘመን ልመለስ። የቆላዋ አሮጊት መርፌያቸውን ሳይጨርሱ የመጠለያው ብርድ ጠናባቸው። ሐኪሙ ከከተማው ሰው የሚያስጠጋቸው ፈለገ። ባሌ «እኛ ዘንድ ይምጡ» አለ። እኔ አልወደድሁም። እምቢ ግን አላልኩም። እናቴ ከተነሣችበት መደብ በቀር ቦታ አልነበረንም፤ እዚያ ተኙ።

ልጆቼ እማማ ቆላ አሏቸው። ስማቸው ሆኖ ቀረ። እየዋለ ሲያድር ሥጋቸው ተመለሰ። ከመደቡ ወርደው ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ቆሙ። እንደቆሙ መስገድ ጀመሩ። ቤታችን ጠባብ ናት፤ የሚሰግዱት እናቴ ቆማ ትጸልይበት ከነበረው ቦታ ነው። እናቴ ወደ ምሥራቅ ነበር የምትቆመው፤ እሳቸው ወደ ሰሜን። ጉልበታቸው መሬት ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ የእናቴን ስግደት ያህል ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጓዳ ሆኜ ሳል ሰማሁና ሳላስብ «እምዬ» አልኩ።

«አቤት» አሉኝ።

ቆይቼ ውሃ ወሰድሁላቸው።

ሰላታቸው ብዙ ነበር። ከጎረቤቶቻችን መሀል እስላሞች ስላሉ የሰላቱን ሰዓት እናውቃለን። እሳቸው ግን ከሰዓቱም ውጭ ይሰግዳሉ። ባሌ አንድ ቀን ቀለደባቸው።

«እማማ፣ ጨመሩበት እንዴ? ሼኹ እንኳ እንደ እርስዎ አይሰግዱም።»

«ቀዳ ነው ልጄ» አሉት። «በጊዜው ያልሰገድሁት አለብኝ። ያን ነው የምከፍለው። ሼኹማ ረሀብ መንገድ ላይ አልጣላቸውም።»

እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ያን እሑድ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጬ እስክመለስ በሰሌኑ ላይ ምን እንደሆነ ማወቅ። እናቴ የተወችው ቁርባኑን ፈርታ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አስባ? ሐኪሙን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ «እጄን ያዙ» ከማለት በቀር አይነግረኝም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። የቀሩት እማማ ቆላ ናቸው።

«እኔ ስሄድ ምን ተባባላችሁ?» እላቸዋለሁ።

«እነግርሻለሁ» ይሉኛል። «አሁን አይደለም።»

ፋሲካ አለፈ። ዘማቾቹ ተማሪዎች ገበሬውን ሰብስበው መሬት ላራሹ ሆነ እያሉ አወጁ። ያን ዓመት ዝናቡ ጣለ፤ ተመስገን። አንድ ጠዋት ከበራፉ ተቀምጠን ምስር ስንለቅም፣ ሳልጠይቃቸው እማማ ቆላ ጀመሩ።

«ዛሬ ጨረስሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ያለብኝን ሰላት። ጎህ ሲቀድ ጨረስሁ። እሱ ሳያልቅ መናገር አፍሬ ነበር።»

እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አንቺ ስትወጪ እናትሽ ወደ እኔ ዞር አለች። ነጠላዋን ከአፏ አላነሣችም። ‹አንቺ ሴት፣ ተዘጋጅተሻል?› አለችኝ። ለምኑ አላልኳትም፤ ገብቶኛል። ‹አልተዘጋጀሁም› አልኳት። ‹ሰላት አለብኝ። ልጆቼን መንገድ ላይ ስቀብር አልሰገድሁም፤ አኩርፌ ነበር። እንዲህ ሆኜ ጌታዬ ፊት መቆም እፈራለሁ።› ‹እኔ ዛሬ ተዘጋጅቻለሁ› አለች። ከዚያ ሐኪሙን ጠራችው።»

«እጁን ያዘችው።»

«እጁን ብቻ አይደለም። ተናገረችው። ‹ልጄ ፈቃድ ይዛ ትመጣለች። አባን አውቃቸዋለሁ፤ አይከለክሉም። እሷ ሳትደርስ አድርገው› አለችው። ‹ለልጄ እንዳትነግራት› ብላ አስማለችው። እኔን ግን አላስማለችኝም።»

መንገድ ላይ አንድ ሰው አህያ እየነዳ አለፈ። «እንዴት አደራችሁ» አለን፤ እማማ ቆላ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መለሱለት።

«ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ብዋሻት» አሉኝ፣ «እናትሽ ዛሬ እዚህ ትቀመጥ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ትቀየሚኛለሽ?»

«የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር። «ግን እኔስ? እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር። እኔን ለምን አልጠየቀችኝም?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ብትጠይቅሽ ምን ትያት ነበር?»

«እምቢ እላት ነበር።»

«እሱን ታውቅ ነበራ» አሉ።

ትንሹ ልጄ ከውስጥ አለቀሰ። ተነሥቼ ገባሁ፤ እናቴ በሞተችበት መደብ ጫፍ ተቀምጬ አጠባሁት። ተመስገን አልኩ። እንዲህ ያለ ልብ ለሰጣት ማመስገን ተገቢ ነው፤ ማመስገኔም ከልቤ ነው። ብቻ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ለመቁረብ ተራ ይዤ ስቆም፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ተዘጋጅተሻል የምትለኝ ይመስለኛል። ዞሬ አላይም።